መጋረጃው ጥርት ብሎ የወጣበት ፎቶ

የልብስ ስፌት መኪናዬ የተቀመጠችው ቡታጅራ ውስጥ፣ የሽባባው ፎቶ ቤት በረንዳ ላይ ነው። በሩ ከጎኔ ስለሆነ የሚገባውን አያለሁ፤ የሚባለውንም እሰማለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ስለ ካሜራ የማውቀው እዚያ በር ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን ብቻ ነው።

ሽባባው በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። ሥራው የሚደራው በአረፋና በመስቀል ነው። አዲስ አበባ ሲነግድ የከረመው ሁሉ አገሩ ይገባና ልጆቹን አዲስ ልብስ አልብሶ ፎቶ ቤት ያመጣል። ሽባባው ልጆቹን ፏፏቴና ቀይ አበባ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ያቆማል። «እጅ ወደ ታች! አገጭ ቀና! እንዳትነቃነቅ!» ይላል። የተነቃነቀውን ይቆጣል። ወላጆችም ይህን ይወዱለታል። በእኛ ዘንድ ፎቶ ላይ የሚስቅ ልጅ ባለጌ፣ የሚሮጥ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይመስላል። ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ ግን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቤቱን ያስከብራል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ዝናብ ወረደና አንዲት ወጣት ሴት ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች በረንዳችን ላይ ተጠለለች። ደረቷ ላይ ካሜራ አንጠልጥላለች።

«እንደምን አደሩ አባቴ? እስኪያባራ ልቁም?»

«ቁሚ ልጄ፣ ዝናብ የሁሉም ነው» አልኳት።

ስሟ ኑኃሚን ነው። አዲስ አበባ ፎቶግራፍ ተምራ ወልቂጤ ውስጥ ትሠራለች። ቡታጅራ የመጣችው የሕፃናት ምርቃት ልታነሳ ነበር። ይህን ነግራኝ ሳትጨርስ መስኮቱ ላይ የተለጠፉትን የልጆች ፎቶዎች አየችና ሳቀች።

«ምን ያስቃል?» አለ ሽባባው ከውስጥ።

«ይቅርታ ጋሼ። ልጆቹ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ የቀረቡ መሰሉኝ።»

«ሥርዓት ያላቸው ልጆች ናቸው። ወልቂጤ ሥርዓት ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም።»

እንዲህ እየተባባሉ ሳለ አሚኔ መጣች። አሚኔ ከመስቃን ገጠር በርበሬ እያመጣች የምትቸረችር ሴት ናት። ባሏ ጀማሉ አዲስ አበባ በቀን ሥራ ላይ ነው። ያን ጠዋት ልብሷ በዝናብ ርሶ፣ ሴት ልጇን ፈቲሀን በእጇ ይዛ እየጎተተች ገባች።

«ጋሼ፣ የአረፋውን ፎቶ አውጣልኝ። ሙባሪክ ጠፋብኝ። ትናንት ከገበያ መሐል ጠፋ። ፖሊስ ፎቶ አምጪ አለኝ። ቤት ያለው ፊቱ አይታይም፤ አንተ ዘንድ ሌላ ይኖራል ብዬ ነው።»

ሽባባው ኮምፒዩተሩን ከፈተ። እኔና ኑኃሚንም ገብተን ከኋላው ቆምን።

በመጀመሪያው ፎቶ ሙባሪክና በአንድ ዓመት የምትበልጠው ፈቲሀ ጎን ለጎን ናቸው። በመካከላቸው የመጋረጃው ቀይ አበባ ቅጠሉ ሳይቀር ይቆጠራል። ልጆቹ ግን ጭጋግ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። በቀጣዩ ሙባሪክ ወደ ፊት ተራምዷል፤ ፊቱ በጣት እንደታሸ ቀለም ሆኗል። በሌላው ሊያመልጥ ሲሮጥ ጀርባው ብቻ ገብቷል። በመጨረሻው ቆሟል። የቆመው እናቱ ከኋላ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ስለያዘችው ነው። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል።

አሚኔ የኮምፒዩተሩን መስታወት በጣቷ ነካችው። «ይሄ ልጄን አይመስልም» አለች።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሽባባው። «ስንት ጊዜ አትነቃነቅ አልኩት! አንቺም ሰምተሻል።»

«ጆሮው አይሠራም ጋሼ። ከተወለደ ጀምሮ ነው። አይናገርምም።»

ሽባባው ዞሮ አያት። «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። አፈርኩ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሙን ተጠይቆ አይመልስም። የማን ልጅ ነህ ቢሉት አይመልስም። ያለው ፊቱ ብቻ ነው» አለች።

ኑኃሚን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሽባባውን ካሜራ አንስታ ከላይ ያለውን ማዞሪያ ቁልፍ አየች። ይህን ሳትጠየቅ ማድረጓ ደስ አላለኝም።

«ዋን ሾት ላይ ነው ያደረጉት» አለች። «የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ሲጫኑት ካሜራው አንድ ቦታ ላይ ያተኩርና ጢው ብሎ ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ ልጁ አንድ እርምጃ ቢራመድ አያውቅም። የሚያነሳው ልጁ የነበረበትን ቦታ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው አትነቃነቅ የምለው!»

«የሚያተኩርበት ነጥብም መሐል ላይ ያለችው አንዷ ብቻ ናት። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ መሐላቸው ማን አለ? መጋረጃው። ካሜራው ያዘዙትን አደረገ ጋሼ። መጋረጃውን አነሳልዎት።»

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ሳታገባ እኔ የዚህን ከተማ ሙሽራ ሁሉ አንስቼ ጨርሻለሁ።»

«ሙሽራ ይቆማል። ቢሮጥ እኮ ሠርጉ ይፈርሳል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽባባው በክፉ ዓይን ሲያየኝ አቀረቀርኩ። አሚኔ አልሳቀችም።

«እሺ፣ ምን ይሁን ነው የምትይው?» አለ።

«ሰርቮ የሚባል አለ። ይሄው፣ በእርስዎው ካሜራ ላይ ከገዙት ቀን ጀምሮ አለ። የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ተጭነው እስከያዙ ድረስ ማተኮሩን አያቆምም። ልጁ ሲቀርብ አብሮ ይቀርባል፤ ሲርቅ አብሮ ይርቃል። ነጥቧንም አንዷን ብቻ አይመኑ፤ ሰብሰብ ያሉትን ይምረጡና ፊቱ ላይ ይያዙ። ሻተሩንም፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ያፍጥኑት። እርስዎ የሚያነሱት በሰከንድ ስልሳኛ ነው። ልጅ በዚያ ውስጥ አንገቱን አዙሮ ይጨርሳል። ሰከንዱን ለአምስት መቶ ከፍለው አንዱን፣ አምስት መቶኛ ያድርጉት።»

«ይጨልማላ!»

«ወደ ደጅ ያውጧቸው፤ ብርሃን በነፃ ነው። ካልሆነም አይ.ኤስ.ኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ያድርጉ።»

«አዎ፣ ከዚያ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ደንበኛዬ ይህን ስሰጠው ፊቴ ላይ ነው የሚወረውርልኝ።»

«አሸዋ የተነሰነሰበትም ቢሆን ሰውየው ይታወቃል። ይሄንን ግን ማን ያውቀዋል?» ብላ መስታወቱን አሳየችው።

ሽባባው ከንፈሩን ነከሰ። ሙግቱ ግን አላለቀበትም፤ እውነቱን ለመናገር ባዶ ሙግትም አልነበረም። «ሰርቮሽን ሞክሬዋለሁ» አለ። «ሽማግሌ አስቀምጬ ሳነሳ ይዋልላል። አንዴ አፍንጫ ላይ፣ አንዴ ጆሮ ላይ።»

«ለተቀመጠ ሰው ዋን ሾት ይሻላል። እሱን አልተከራከርኩም። ሽማግሌ ሲመጣ ወደዚህ፣ ልጅ ሲመጣ ወደዚያ ማዞር ነው። ከአንድ ጣት በላይ አይፈልግም።»

«ከዚያ ደግሞ ተተተተ አድርጌ ተኩሼ አንዱን ልልቀም? ይሄ ሙያ ነው? ቁማር ነው።»

«የሚሮጥን ልጅ አንዴ ብቻ ተኩሶ ዓይኑ ተከፍቶ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ነው ቁማሩ።»

«ልጅ መቆም ይማር! አባት ልጁን ሥርዓት አስይዝልኝ ብሎ ነው የሚያመጣልኝ። እኔ የሚዘል ልጅ ሰጥቼ ላዋርደው?»

«እርስዎ ፎቶ አንሺ ነዎት ወይስ ዘበኛ?»

«ልጆቼ» አለች አሚኔ። በዕድሜ ሽባባው አባቷ ይሆናል፤ እሷ ግን እንደዚያ ጠራችው። «እኔ ፎቶ ነው የምፈልገው። ስጡኝ ልሂድ።»

ሰጧት። ሌላ ስላልነበረ የሁለቱን ልጆች ፎቶ ቆርጠው የሙባሪክን ፊት ለአፋልጉኝ ማስታወቂያ አሳደጉት። ሲያድግ ብዥታውም አብሮ አደገ። ኑኃሚን ከሥሩ «አይሰማም፣ አይናገርም» ተብሎ ይጻፍ አለች። አሚኔ ግን ክፉ ሰው ካወቀ ይጠቀምበታል ብላ ፈራች፤ አስቀረችው። ማስታወቂያው እንዲሁ ታተመ። ሾፌሮች እስከ ቡኢ፣ ከቡኢም ወዲያ እየወሰዱ ለጠፉላት።

ኑኃሚን ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን ትታ፣ የካሜራውን ማዞሪያ ቁልፍ ሰርቮ ላይ አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እንዲህ ይተዉት ጋሽ ሽባባው» አለችው። የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። የተናገረችበት መንገድ ግን ሽማግሌ የሚሰማበት አልነበረም። ባጃጇ ከመታጠፏ በፊት ሽባባው ቁልፉን ወደ ቦታው መለሰው። አይቼዋለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሀቢቡ የሚባል ሰው መጣ። ቡኢ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አለው። አሚኔ ተጨማሪ ማስታወቂያ ለመውሰድ ፈቲሀን ይዛ እዚያው ቆማ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። የጠፋው ልጅ ጉዳይ እዚህ ነው የሚጠየቀው?»

«ወአለይኩም ሰላም» አለች አሚኔ። «እናቱ ነኝ።»

ሰውዬው ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። «ልጅሽ ሲጠማው ጉሮሮውን እንዲህ በሁለት ጣት ይነካል?»

አሚኔ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔ ቤት ነበር» አለ ሀቢቡ። «ከጫነ አይሱዙ ላይ ነው የወረደው። ሻይና ዳቦ ሰጠሁት። አይናገርም። ማስታወቂያው እኔው ግድግዳ ላይ ነው የተለጠፈው። ልጁን አጠገቡ አቆምኩት፤ ወላሂ አጠገቡ አቁሜ ሁለቱንም አየሁ። የማስታወቂያው ልጅ ፊቱ ሰፊ ነው፤ ዓይን የለውም። ይሄ ፊቱ ቀጭን ነው፤ ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል። አይደለም አልኩ። ገበያተኛ በዛብኝና ዞር ብዬ ስመለስ የለም። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ሲንጠላጠል ያየው ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እናቱን ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።»

«ጉንጩ ይሰረጉዳል» አለች አሚኔ። ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

ሽባባው ከጠረጴዛው ጀርባ አልተነሳም። «ፎቶው ጥርት ያለ ቢሆን ታውቀው ነበር?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው? አጠገቡ አቁሜው እኮ ነው!»

ሰው ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ ይጮኻል። ሽባባው አልጮኸም። ጥርት ብሎ የወጣውን መጋረጃ ነበር የሚያየው።

ከተቀመጠችበት አሚኔ ተናገረች። «ፈቲሀ ትመስለዋለች። ቆማ ግን አይደለም፤ ዝም ስትል አባቷን ነው። ስትሮጥና ስትስቅ ሙባሪክን ነው የምታየው። እንደዚያ አድርገህ ልታነሳት ትችላለህ?»

ሽባባው ስልኩን አነሳ። ድምፁን ከፍ ስላደረገው የኑኃሚንንም ሰማነው።

«ኑኃሚን፣ ሽባባው ነኝ፣ የቡታጅራው። ፈቲሀን ስትሮጥ ላነሳ ነው፤ ያቺን ነገር እንደገና ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ አልዘለፈችውምም። «መጀመሪያ ልጅቷን ከመጋረጃው ያርቁልኝ» አለች። «ቁልፉን ሰርቮ ላይ። ነጥቦቹን ሰብሰብ ያሉት ላይ። ሻተር አምስት መቶኛ፣ ካልበቃ ከዚያም ፈጣን። ተከታታይ ምት ላይ ያድርጉ። ልጅቷ ወደ እርስዎ ትሩጥ። ገና ከሩቅ ሳለች ግማሽ ይጫኑና ፊቷን ይዘው ይቆዩ፤ አይልቀቁ። ስትቀርብ ይተኩሱ። ደግሞም ጋሽ ሽባባው፣ ጎንበስ ይበሉ። በቁመትዎ ሆነው ካነሷት የሚታየው አናቷ ነው።»

ከቤቱ ጀርባ ባለው የጭቃ መንገድ ላይ ወጣን። ሰማዩ ለጥቂት ተከፍቶ ነበር። ሽባባው በዚያ ዕድሜው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ፈቲሀ ካሜራውን ስታይ እጇን ወደ ታች አደረገች፤ አገጯን ቀና አድርጋ ቀጥ አለች። ከእሱ የተማረችው ይህንኑ ነው።

«ሩጪ ልጄ» አላት። «ግድ የለም፣ ሩጪ። ሳቂም።»

አልተነቃነቀችም። እናቷን አየች። ሽባባው እንደገና ለመናት፤ ድምፁ ቁጣ የለመደ ስለሆነ ልመናውም ያስፈራል። ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ያን ጊዜ አሚኔ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ሮጠች። ልጇ የጠፋባት፣ ምግብ ከተወች የሰነበተች ሴት፣ ሰው እያያት በጭቃ ላይ እየተንሸራተተች ሮጠች። «ያዢኝ! ፈቲሀ፣ ያዢኝ!» አለች። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀችና ተከተለቻት። አሚኔ ዞራ ከሽባባው ጀርባ ተሸሸገች። ልጅቷ እየሳቀች ወደ ካሜራው መጣች። ካሜራው ተንጣጣ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፍቱት ብዙዎቹ ተበላሽተዋል። ጥቂቶቹ ግን ወጥተዋል። በአንደኛው ላይ የዐይኗ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል፤ ጉንጯ ተሰርጉዷል፤ መንገዱና አጥሩ ከኋላዋ ደብዝዘዋል። ሀቢቡ ገና ሲያየው፣ «እሱ ነው! ይሄ ልጅ ነው!» አለ። አሚኔ ፊቷን ሸፈነች።

አዲሱ ማስታወቂያ «ይህች እህቱ ናት፤ እሱ ሲስቅ እሷን ይመስላል። አይሰማም፣ አይናገርም» ይላል። «አይሰማም፣ አይናገርም» የሚለው እንዲጻፍ ያዘዘችው አሚኔ ራሷ ናት።

ሙባሪክ ነሐሴ ውስጥ አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ባለችው ከተማ፣ ዓለም ገና፣ ተገኘ። ሩፋይዳ የምትባል ሽንኩርትና ቲማቲም ሻጭ ከጉሊቷ ሥር ሲያድር አይታው ኖሮ፣ ማስታወቂያው በተለጠፈ ዕለት አወቀችው። ጀማሉ ሄዶ አመጣው። ከቡኢ ከተነሳ በኋላ ከመኪናው ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ማንም ስላላሰረው ጎብጦ ገጥሟል። ሐኪም፣ «በጊዜው ቢታይ ይቃና ነበር» አለ። ለእኔ ግን በጊዜው ማለት ክንዱ ገና ሳይሰበር፣ ቡኢ ላይ ማለት ነው፤ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ማስታወቂያው አጠገብ ሲቆም።

መስቀል ደረሰ። አንድ ጠዋት ሰይፉ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ልጆቹን አሰልፎ ገባ። «በሉ ቁሙ! እጅ ወደ ታች!» እያለ ትንሹን ጆሮውን ያዘው።

«ልጁን ልቀቀው» አለ ሽባባው። «ወደ ደጅ አውጣቸው፤ ይሩጡ።»

«ምን? ጋሽ ሽባባው፣ አንተ አይደለህም እንዴ እኔን ራሴን ልጅ ሳለሁ በዚያ መጋረጃ ፊት ያስለቀስከኝ?»

«እኔ ነኝ። ፎቶህ አለ?»

«እናቴ ቤት ተሰቅሏል።»

«ራስህን ትመስላለህ?»

ሰይፉ አሰበ። «የተቀጣ ልጅ ነው የምመስለው።»

«እንግዲህ ስማኝ። አሁን ካሜራዬ ልጅን ይከተላል፤ ልጅ ካሜራዬን አይከተልም። ልጅህ ሲሮጥ ፊቱ ራሱን ይመስላል። ነገ ቢጠፋ የማያውቀው ሰው ያውቀዋል። ሲያድግ አካሄዱን፣ አሳሳቁን ታየዋለህ። ሳይመታ፣ ሳይለቀስ ያልቃል። እኔም ጉሮሮዬ ያርፋል። የሚጠይቀኝ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። እናትህን ይዘህ ስትመጣ ደግሞ አስቀምጣታለሁ፤ ቁልፉንም መልሼ አዞረዋለሁ። ለእያንዳንዱ እንደ ሁኔታው ነው።»

«ሰው ባለጌ ልጆች አሉት ይለኛል እኮ።»

«ይበልህ። ልጆች አሉት ይልሃል ማለት ነው።»

ሰይፉ ሳቀና ልጆቹን ለቀቃቸው። እኔም ለሚያነብ ወላጅ የምለው ይህንኑ ነው። ልጅህን ስታስነሳ የሚንቀጠቀጥ፣ የማይሰማ፣ የማይቆም እንደሆነ አንሺው ይወቅ፤ ነውር የለውም። አንሺም ብትሆን መሣሪያህ የሚችለውን ሳትሞክር ልጁን አትቆጣ። ነውሩ ካሜራህ እየቻለ አለመጠቀምህ ነው።

ልጆቹ መንገዱ ላይ እየተሯሯጡ፣ ሽባባው ተንበርክኮ ሲያነሳ አሚኔ ከገበያ ስትመለስ በዚያ አለፈች። ሙባሪክን በግራ እጁ ይዛዋለች። ሽባባው ተነሳ። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ አላራገፈም።

«አሚኔ፣ ልጁን ላንሳው። በነፃ ነው። እንዳሻው ይሩጥ፤ አልቆጣውም።»

አሚኔ ቆመች። ልጁን ወደ ራሷ አስጠጋችና በሻርቧ ጫፍ ፊቱን ከለለችው።

«ያኔም ሮጦልህ ነበር ጋሼ» አለችው።

መንገዷን ቀጠለች።